እትዬ ሙሉነሽና የቻይና ሳህኖቻቸው

ዛሬ ጠዋት የደወለልኝ የእትዬ ሙሉነሽ ልጅ ነው። "እማዬ አረፈች" አለኝ። ሰማሁት እንጂ አላመንኩትም። ትናንት ከሰዓት እኮ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ መንገድ ዳር ቆመን አውርተናል። ትንሽ ደከም ብሎኛል ከማለት በቀር ምንም አላሉኝም። ልባቸው ነው ተባለ።

ከለቅሶው መልስ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ከሳትኩ ይቅር በሉኝ።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ ሙሉነሽ በሆስፒታል ላብራቶሪ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ፣ ስማር ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነው የተዋወቅነው። ሳሎናቸው ውስጥ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አለ። ውስጡ በነገሥታቱ ዘመን ከቻይና ጎንደር ድረስ የመጡ፣ እሳቸው ከየሰው እየገዙ ያሰባሰቧቸው አሮጌ ሳህኖችና ፍንጃሎች ተደርድረዋል። ሥዕል ያለበትን አይወዱም። አንድ ቀለም ብቻ፤ ነጭ፣ ድፍን ሰማያዊ፣ የወይራ ቅጠል ጀርባ የመሰለ ፈዛዛ አረንጓዴ።

መጀመሪያ ያስያዙኝ ቀን "በሁለት እጅሽ የኔ ልጅ፤ ከኛ በፊት የነበረ ነው" አሉኝ። ቤታቸው የገባ ሰው ሁሉ ይህን ሰምቷል። ነጩን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብርሃን ሲያልፍበት ሲያሳዩኝ ፊታቸው የልጅ ፊት ይመስል ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ገበሬ ከጭልጋ በኩል አረንጓዴ ጎድጓዳ ሳህን በጋቢ ጠቅልሎ አመጣላቸው። የአያቴ ነው አለ። እትዬ ሲገለብጡት ጀርባው ላይ ኖራ ተጣብቋል። ድሮ እንዲህ ያለውን ሳህን ለጌጥ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይለስኑት ስለነበር፣ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባቸው። ምነው ትዋሸኛለህ ቢሉት፣ ውጊያ በነበረ ጊዜ በተኩሱ ግድግዳው ፈርሶ ከፍርስራሹ ያነሳሁት ነው፣ ቤቴ ባዶ ሆኖብኝ ነው አለ። ባዶ እጁን አልሰደዱትም። መንገዱ ሲረጋጋ እኔን አስከትለው ሳህኑን ለቤተ ክርስቲያኑ ሊመልሱ ሄዱ።

የደብሩ ሽማግሌ ቄስ ሳህኑን ተሳልመው ተቀበሉ፤ መረቁን። እትዬ ደስ ብሏቸው፣ ቤቴ ሌሎችም አሉ አሏቸው።

"እነዚያስ ልጄ፣ ከየት የመጡ ናቸው?" አሉ ቄሱ።

ክፉ አስበው አልነበረም። እትዬ ግን ከቄሱ እንደተለየን ከማን ከማን እንደገዟቸው ጎንደር እስክንገባ በጣታቸው ሲቆጥሩ መጡ።

ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥኑን ነጠላ አለበሱት። የሸጡላቸውን ሰዎች እየፈለጉ ይጠይቁ ጀመር። አንዱ ሞቷል፣ አንዷ አገር ለቃለች፣ ሌላው አላስታውስም አለ። ሳህኖቹን እርስዎ ባይገዟቸው ተሰብረው ወይ ባሕር ማዶ ተሻግረው ይቀሩ ነበር እላቸዋለሁ።

"እሱን አውቃለሁ" አሉኝ አንድ ቀን። "ግን አልጠየቅኩም። ቀለሙን ብቻ ነበር የማየው።"

ትናንት አራዳ ያገኘኋቸውም የአንድ ሌላ ሻጭ ስልክ ፍለጋ ወጥተው ነው። ሰውየው ሳንጃ ከተማ ገብቷል ተብለው ነበር።

ዛሬ ለቅሶው መሃል ልጃቸው ለብቻ ወስዶኝ ሳህኖቹን ምን እናድርጋቸው አለኝ። እናቱ ሲጠይቁ የከረሙትን ነገርኩት። እሷ ያላገኘችውን እኔ ከየት አገኘዋለሁ ብሎ አለቀሰ። እጁን ይዤ ወደ ለቅሶተኛው መለስኩት።

እትዬ፣ ሰው ሁሉ ደግነትዎን እያወራ ነው፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ጭንቀትዎንም አይቻለሁ። ማንም ሳይከስዎ ራስዎን የከሰሱ ሰው ነዎት፤ ፍርዱን ሳይሰሙ ሄዱብን። አሁን የሚቀበልዎ ጌታ ልብዎን ከእኔም ከእርስዎም ይበልጥ ያውቀዋል። እዚያ እንኳ አይጨነቁ። ደህና ይሁኑ እናቴ።