ለአልቅት የሰቀልሁት ትምባሆ

ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ሰው ሁሉ የዋህ ናት ይለኛል። ልጆቼም ካንዱ ቤት ሰንብቼ ወደ ሌላው ስሄድ «እማዬ ያለችበት ቤት ጠብ የለም» ይላሉ። ይበሉ። በዚያ ኅዳር ግን ወረታ፣ የሴት ልጄ በረንዳ ላይ ቆሜ የተናገርሁትን መንገድ ላይ የቆሙት ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ሰምተውታል።

ነገሩ ከትምባሆ ነው የሚነሣው። እኔ ትምባሆ አልጠጣም፤ ጠጥቼም አላውቅ። የምተክለው ለከብት ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምቱን ተኝቶ የከረመው ውሃ ሲሸሽ፣ በየጎድጓዳው የሚቀረው ኩሬ አልቅት ያፈላል። ከብት ከዚያ ሲጠጣ አልቅቱ ባፍንጫው ይገባና ውስጥ ይጣበቃል፤ ደም እየመጠጠ አውራ ጣት ያህላል። ደህና ሆኖ የደረቀ ትምባሆ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ፣ ውሃው ባፍንጫው ሲፈስለት አልቅቱ ሰክሮ ይወድቃል። እናቴ አሳየችኝ፣ እኔም ለልጆቼ አሳየሁ።

ለዚህ ቅጠል ስል ስንት ስም ወጥቶልኛል። ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ የንስሐ አባቴ ጓሮዬን አይተው «ይኸን ንቀይ» አሉኝ።

«አባቴ፣ ለከብት ነው።»

«ለከብት ከሆነ ከአጥር ውጭ ይሁን» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከአጥር ውጭ ነው የምተክለው፤ ሰው በማያልፍበት በኩል። እንዲያም ሆኖ ወፍጮ ቤት ያሉት ሴቶች «ጋያሽን ደብቂ፣ ቄስ መጣ» እያሉ፣ ትምባሆ የምጠጣ አስመስለው ይስቁብኝ ነበር። እነዚያው ሴቶች የላማቸው አፍንጫ ሲደማ በጓሮ በኩል ይመጡና «እስቲ ሁለት ቅጠል» ይላሉ። እሰጣለሁ። ቂም አልያዝሁም ብዬ አስብ ነበር። ይዤ ኖሯል።

የወንድ ልጄ ቤት ሜዳው ላይ ነው። ክረምት ውሃው ደጃፉ ድረስ ይመጣል፤ እዚያ የተሰቀለ ቅጠል ይሻግታል። ስለዚህ በጥቅምት ቆርጬ ወረታ፣ ሴት ልጄ ቤት አመጣዋለሁ። በረንዳው ቆርቆሮ ስለሆነ ይሞቃል። በሁለት ገመድ እሰቅለዋለሁ፤ በታችኛው ገመድ የእግር ቅጠሉን፣ ስሱን፤ በላይኛው ከአናቱ የለቀምሁትን፣ ወፍራሙን፣ ገና ሲያሸቱት ዓይን የሚያስለቅሰውን።

ልጄ ከግቢዋ አንዲት ክፍል ታከራያለች። ያኔ የነበረው፣ አሁንም ያለው፣ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ መነጽር ያደርጋል፣ ሰላምታ ያውቃል። አንድ እሑድ ከቅጠሉ ሥር ቆሞ አንጋጦ አገኘሁት።

«እማማ፣ ይሄ ትምባሆ ነው?»

«ነው።»

«እርስዎ ነዎት የተከሉት?»

«እኔ ነኝ። ከአጥር ውጭ» አልሁት፣ ሳይጠይቀኝ።

ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲጋር መጠቅለል ሊጀምር ፈልጎ ኖሯል። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ ቅጠል ይጠቀልላል። «ሲጋራ እንደሆን ሱቅ ሞልቷል» አልሁት። «እሱ ወረቀት ነው እማማ። ይሄ ከውስጥ እስከ ውጭ ቅጠል ነው» አለኝ።

ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር። ስለዚያ ቅጠል በአክብሮት የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከታችኛው ገመድ አወረድሁለት።

በቀትር ሞከረና ቅጠሉ እጁ ላይ ዱቄት ሆነ። «ትምባሆ በቀትር አይነካም ልጄ» አልሁት። «ውጭ አሳድረው፣ ጤዛ ይጠጣ። ጧት እንደ ለፋ ቆዳ ይታጠፍልሃል።» በማግሥቱ ጧት አብረን ተቀመጥን። የቅጠሉን የመሀል ጅማት ሳይቀዱ መዝዞ ማውጣትን አሳየሁት። ለጥቅሉ ሆድ የሚሆነውን ቅጠል ጨብጦ ጨብጦ እንደ እንጨት ሲያደርገው፣ «ጭሱ በየት ይለፍ? ስፌት እንኳ እንዲህ ቢጠብቅ ወስፌ አይገባውም» አልሁት። አላልቶ ያዘው። በላዩ አንድ ቅጠል እንደ መቀነት አዞርንበት፤ በዚያ ላይ ያልተቀደደ ሰፊ ቅጠል እንደ ኩታ አለበስነው። ጫፉን የሚያጣብቅበት አጥቶ በምላሱ ሲልስ ባየው የግራር ሙጫ በውሃ አሟሙቼ ሰጠሁት። የመጀመሪያዋን ደህና ጥቅል የጠቀለልኋት እኔ ነኝ። ይኸንንም አልደብቅም።

ለኮሳት። ሦስቴ ሳበና ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሄዶ አጥሩ ሥር ተንበረከከ። ልጄ ከበሩ ሆና «አጥር መሳለም ጀመርክ እንዴ?» አለችው።

«እማማ፣ ይሄ ነገር ይገድላል» አለኝ አፉን እየጠረገ።

«አልቅት የሚገድል ነገር አንተን ይማርሃል?»

ወደ ሜዳው ከመውረዴ በፊት፣ ልጄ እየሰማች፣ ለይቼ ነገርሁት። ታችኛው ገመድ ያንተ ነው፤ ላይኛው የከብት ነው፤ እንዳትነካ። «እሺ እማማ» አለ።

የሩዝ አጨዳ ደርሶ ነበርና ወንድ ልጄ ዘንድ ሰነበትሁ። አንዲት ቡሬ ጊደር አለችው፤ ያኔ የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር። ላሚቱ ካረጀች ወዲህ ያ ቤት ወተት የለውም፤ የልጅ ልጆቼ ወተት የሚቀምሱት ከጎረቤት ነው። ሁሉም የሚጠብቀው ያቺን ጊደር ነበር። አንድ ቀን ከታጨደው ማሳ ስትመለስ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ካፍንጫዋ ደም ይንጠባጠባል። ልጄ ቀንዷን ይዞ አየና «አልቅት ነው። ሩቅ ገብቷል» አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ወደ ሌላ ቀበሌ ወጥቶ ነበር። እኛም አልተጨነቅንም፤ ቅጠል አለን ብለን። ጭቃውን በእግሬ፣ ጥርጊያውን በባጃጅ፣ ወረታ ገባሁ።

ላይኛው ገመድ ባዶውን ይወዛወዛል።

«ቅጠሌስ?»

ልጄ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እማዬ፣ እሱ ለገና ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሊሰጥ ነው። የታችኛውን ለሆድ ጨረሰው፤ ለኩታ ግን አይሆንም፣ ይቀደዳል አለኝ። መሰላሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሁን መርፌ እያለ ማን በትምባሆ ያክማል ብዬ…»

ተከራዩ ድምፄን ሰምቶ ወጣ። እየሳቀ ነበር፤ የእንጨት ሣጥን ይዟል። «እማማ፣ እንኳን መጡ። እስቲ ይዩልኝ።» ዐሥራ ሁለት ጥቅል በተርታ ተኝተዋል፤ የእያንዳንዳቸው ወገብ በቀይ ክር ታስሯል። ያማረ ሥራ ነበር። ይበልጥ ያቃጠለኝም እሱ ነው።

«የከብት ነው አላልሁህም?»

«ብለውኛል። ትንሽ ብቻ ልወስድ ብዬ ጀመርሁና…»

«አምጣው። እዘፈዝፈዋለሁ። ጊደራችን እየደማች ነው።»

ሣቁ ጠፋ። «እማማ… አጥቤዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ቅጠሉን። እንደዚያኛው እንዳይጥለኝ። ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ አቆየሁት። ኃይሉን ይቀንሳል ይላል፣ ስልኩ ላይ።»

«ውሃውስ?»

«ደፋሁት።»

መድኃኒቱን አጥቦ ደፍቶ፣ ለገለባው ቀይ ክር አስሮለታል። ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

«ይኸ ቅጠል በእኔ እጅ ሲሆን ርኩስ ነበር» አልሁት። «ከአጥር ውጭ ተተክሎ፣ በጓሮ በኩል ተለምኖ፣ እኔም ጋያ ጠጪ ተብዬ ኖርሁ። አንተ ስትይዘው ሣጥን ይሠራለታል፣ ለአለቃ ይሰጣል፣ ሙያ ይባላል። ክብሩን ውሰደው፣ አልጠላሁም። የጊደሪቱን ግን ማን ውሰድ አለህ?» ወደ ልጄ ዞርሁ። «አንቺስ? ያሳደገሽ ወተት የየቷ ላም ነው? በዚህ ቅጠል አይደለም ወይ የዳነችው?» አንገቷን ደፋች። ያን ዕለት አላዘንሁላትም።

«እማማ፣ ይቅርታ…»

«ጅማቱን የት ጣልኸው?»

ጅማቱን የመዘዘው ቅጠሉን ከማጠቡ በፊት ነው፤ በማዳበሪያ ከረጢት አጥር ሥር አስቀምጦታል። ከረጢቱንም ሣጥኑንም አነሣሁ። «ሁለቷን እንኳ ለአለቃዬ…» ሲል ዞሬ አየሁት። አልጨረሰውም።

ሜዳው ላይ ዐሥራ ሁለቱንም በገዛ እጄ ፈታኋቸው። ጅማቱን ወቀጥሁ፣ አንድ ላይ ዘፈዘፍሁ፣ ጨመቅሁ። ልጄ የጊደሪቱን ራስ ይዞ «እማዬ፣ ይኸ ክር ያለበት ምንድን ነው?» አለኝ።

«የተማረ ሰው ሥራ ነው። ደህና አድርገህ ያዝ።»

አፈሰስን፤ ምንም። ደገምን፤ ደም አስነጠሰች እንጂ አልቅቱ አልወጣም። በማግሥቱ ቀትር ላይ በሦስተኛው ወደቀ፤ ጥቁር፣ የጠገበ። ልጄ በተረከዙ ረገጠው። ጊደሪቱ ግን ብዙ ደም ፈሷት ነበርና መብላት ተወች። በአራተኛው ቀን ጥጃውን ጣለችው፤ ገና ጠጉር ያላበቀለ። ልጄ ከማሳው ዳር ቀበረውና ውሃ ጠጥቶ ወደ አጨዳው ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወረታ ስመለስ ተከራዩ መጥቶ እግሬ ሥር ቁጭ አለ። «እማማ፣ ልካስ።»

«የሞተ ጥጃ በምን ይካሳል?»

የነጠላዬን ጫፍ ፈትቼ ዘር ሰጠሁት፤ እንደ ትቢያ የደቀቀ። «እንካ። ያንተ ሙያ የሚጀምረው ከዘር ነው፤ ከሰው ገመድ አይደለም። በግንቦት መደብ ቆፍረህ ዝራው።»

«የት? ከአጥር ውጭ?»

«አይደለም። በበሩ ፊት ለፊት፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይህ። ከአናቱ ያለው ቅጠል የልጄ ከብት ድርሻ ነው። ራስህ ትለቅመዋለህ፣ ራስህ ትሰቅለዋለህ፣ አልቅት የገባ ቀን ራስህ ተሸክመህ ሜዳ ትወርዳለህ።»

ዘራው። ዛሬ ችግኙ መዳፍ የሚያህል ቅጠል አውጥቷል። ጊደሪቱ እስካሁን ዳግመኛ አልያዘችም፤ ቁጣዬም አልበረደም። ባለፈው እሑድ ችግኙን እየኮተኮተ ሳለ አንዲት ገበያተኛ በበሩ ስታልፍ ለጓደኛዋ «ይኸ ነው ጋያ ጠጪው ተከራይ» ብላ ሳቀች። ጆሮው ድረስ ቀላ። መኮትኮቻውን እንደያዘ ዞሮ እኔን አየኝ።

አላባበልሁትም።

«ለከብት ነው በላት» አልሁት።