ለሩቂያ ሻርፕ የማይበቃ ቃል

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ

የካቲት 2014 ነው። ታክሲው በር ላይ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል፤ ጎረቤቱን ሁሉ ሊቀሰቅስብኝ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ኪሎ በሶ፣ አንድ ኪሎ በርበሬ፣ እናቴ የላከችው አብሽ አለ። ከሁሉም በታች፣ በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ አንድ የሴት ሻርፕ አለ። ስለ በሶው ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። ስለ ሻርፑ አልነገርኩትም።

ሰዒድ ታላቄ ነው። ካምፓላ ከገባ አስራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ኪቡሊ መስጊድ አቅራቢያ ባለች ጠባብ ሱቅ ሳሙና፣ ሒናና ሽቶ ይሸጣል። ሽቶው አልኮል የሌለበት፣ በቅባት የሚዘጋጅ ነው፤ የሚቀምመውም ራሱ ነው። ሚስቱ ሩቂያ አምና፣ ከተማዋ በኮሮና በተዘጋችበት ሰሞን ሞተች። ልጅ አልነበራቸውም። ለቀብሯ መድረስ ስላልቻልን በስልክ ነው ያለቀስነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደወለና፣ «ዘሩ፣ ነይልኝ እስቲ። ለብልቃጦቼ የሚለጠፍ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እፈልጋለሁ። አንቺ አስተማሪ አይደለሽ?» አለኝ። ለዚህ አውሮፕላን መሳፈር እንደማያስፈልግ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ስለነበር ምንም ሳልጠይቅ ትኬት ቆረጥኩ።

ሐሙስ፣ ረፋድ 5 ሰዓት፤ አየር ላይ

ደብተሬን ከፍቼ ቃላት እዘረዝራለሁ። የመጀመሪያው «ፍራግራንት» ነው። ስምንተኛ ክፍሎችን በየዓመቱ የማስተምረው ቃል ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ባለ መዓዛ፣ ደስ የሚል ሽታ ያለው ማለት ነው። ልጆቹ የሚሰናከሉት አጠቃቀሙ ላይ ነው። አበባ ፍራግራንት ነው፤ ሳሙናም፣ ሽቶም፣ ያበበ የአትክልት ቦታም ነው። መጥፎ ሽታ ግን በምንም ተአምር ፍራግራንት አይባልም። አምና አንዱ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ጥብስስ?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። «ጥብስ የራሱ ቃል አለው፤ ቁጭ በል!» አልኩት። ትዕግሥት የለኝም፤ ይታወቅልኝ።

ከአጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ሁለት ማስክ ደርበው አንኮራፍተዋል። እስከ ኢንቴቤ ድረስ ዘጠኝ ቃል ጻፍኩ። ስምንቱን መልሼ ሰረዝኳቸው።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ከኢንቴቤ ወደ ኪቡሊ

አየር ማረፊያው ውስጥ አንዲት ነርስ ረጅም ጥጥ በአፍንጫዬ ከትታ አንጎሌን የነካች እስኪመስለኝ ቆረቆረችኝ። እንባዬን እየጠረግኩ ስወጣ ሰዒድ የላከው ሾፌር ስሜን በካርቶን ጽፎ ቆሟል። ኢሳቅ ይባላል፤ ሆዱ መሪውን የሚነካ፣ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ነው።

መንገዱ ቀይ አፈር፣ ሙዝ ተክል፣ የጡብ ማምረቻ፣ ደግሞ ሙዝ ተክል ነው። በስተቀኝ ሐይቁ ብቅ እያለ ይጠፋል። መንገድ ዳር እንቁላል በቻፓቲ ቂጣ የሚጠቀልሉ ሮሌክስ ሻጮች ተደርድረዋል። ትምህርት ቤቶች ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ስለተከፈቱ መንገዱን ዩኒፎርም የጠበባቸው ልጆች ሞልተውታል፤ እጅጌው ክንዳቸው ላይ ቀርቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ኢሳቅ በእንግሊዝኛ፣ «ኛቦ፣ የሩቂያ ዘመድ ነዎት?» አለኝ። ኛቦ በእነሱ አገር እመቤት እንደማለት ነው።

«የባሏ እህት ነኝ።»

«ገበያ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ከወረደች በኋላ መኪናዬ ቀኑን ሙሉ እሷን እሷን ይሸት ነበር። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ይቀኑ ነበር» አለና ሳቀ። ወዲያው ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

ሰዒድ ሱቁ በር ላይ ጠበቀኝ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል። አቅፎኝ አለቀሰ። እኔ ላጽናናው ሄጄ እሱ ጀርባዬን እየደባበሰ፣ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይለኛል።

ብልቃጦቹ መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። አንገታቸው ላይ ግን አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ክር ታስሯል። ምንድነው ስለው፣ «ሀጃቲ ናት ያሰረችው፤ ለጌጥ» አለኝ። ሀጃቲ ከጎኑ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ሐጅ አድርጋ የመጣች ኡጋንዳዊት ባልቴት ናት። በበሩ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ዌባሌ፣ ዌባሌ» እያለች ስለመምጣቴ አመሰገነችኝ። ከዚያ ሰዒድን በዓይኗ ጠየቀችው፤ እሱም የለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ አልገባኝም።

ዓርብ፣ ጠዋት 4 ሰዓት፤ ቡጎሎቢ

ሰዒድ እዚህ አፓርታማ ውስጥ ለምትኖር አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ሽቶ ሊያደርስ፣ ቦዳ በሚሏቸው ሁለት የሞተር ታክሲዎች ሄድን። እኔ ሞተር ላይ ስቀመጥ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እጨርሳለሁ። የእኔ ባለቦዳ ደግሞ እንደማልወደው ያወቀ ይመስል በመኪኖች መሀል ይሾልካል።

መንገድ ዳር ያለ አንድ ረግረግ ጋ ስንደርስ ሽታው መጣ። የፍሳሽ ሽታ ነው፤ ማስክ አያግደውም። ሁለቱም ባለቦዳዎች ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ፤ እኔ ሒጃቤን ሦስቴ አጠፍኩት። ሰዒድ ብቻ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ወዲያ እያመለከተ ስለ ገበያው ይተርክልኛል፤ «ሩቂያ ቲማቲም የምትገዛው እዚያ ነበር! አትከራከርም፣ ዝም ብላ ትቆማለች፤ ይቀንሱላታል!»

ኮልፌ እያለን እናታችን ወጡ ሊያርባት ሲል ከውጭ ሆኖ ሸትቶት የሚጮህ ልጅ ነበር። ለምዶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፤ ኪቡሊ፣ ሰዒድ ቤት

ጠዋት መቃብሯ ላይ ነበርን። ሰዒድ ቁጭ ብሎ ሣሩን ሲነቅል ቆየና፣ «አላጠቧትም። ካፉር አልነካትም» አለ። በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ለጀናዛው እጥበት የሚሆነውን የካፉር ዱቄትና ሽቶ በነጻ የሚሰጠው ሰዒድ ነው፤ ሱቁን ሲከፍት የጀመረው ልማድ ነው። ከኪቡሊ ግርጌ እስከ አናቱ የሱ ሽቶ ያልሸኘው ቤት የለም። የራሱን ሚስት ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች በቦርሳ አድርገው ቀበሯት፤ እሱ አጥር ውጪ ቆሞ አየ። ጊዜው እንደዚያ ነበር፤ ማንን ትከሳለህ?

ቤት ተመልሰን እኔ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። እሱ ሩዝ ጥዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሽታው ግቢ ድረስ መጣብኝ። ሮጬ ስገባ ድስቱ ከስሏል፤ ወንድሜ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩን ያነባል።

«ሰዒድ! አይሸትህም እንዴ?!»

ድስቱን በባዶ እጄ ብይዘው አቃጠለኝ። ውሃ ደፋሁበት። ቀና ስል ሰዒድ ተነስቶ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሐፍረት ነው።

«አይሸተኝም» አለ። «ሁለታችንም ታመምን። እሷ ሄደች፣ አፍንጫዬም አብሯት ሄደ። ይመለሳል አሉኝ። አልተመለሰም።»

ክሮቹ ያኔ ገቡኝ፤ ቀሪውን እሱ ነገረኝ። ሀጃቲ ጠዋት ጠዋት ትመጣና ብልቃጥ በብልቃጥ ታሸትታለች፤ አረንጓዴ ለጽጌረዳ፣ ቀይ ለሰንደል ታስርለታለች። ሲቀምም እሷ ናት በቃ የምትለው። ደንበኞቹ አያውቁም። አፍንጫ የሌለው ሽቶ ቀማሚ ማን ይገዛዋል? ደንበኛ ይሄኛው እንዴት ነው ሲለው፣ «ፍራግራንት» ይላል። ለሁሉም አንድ ቃል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የፈለገውም ለዚሁ ነበር፤ ሰው እንዳይጠይቀው።

ክፉ ነገር ልናገር ዳዳኝ፤ ቁጣ ቁጣ አለኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ዝም ማለት ምን ይባላል? ያንን ትቼ ድስቱን ፈገፈግኩ።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሙንዮንዮ

«ሐይቁን ሳታዪ አትሄጂም» ብሎ ወሰደኝ። ከትልልቆቹ ሆቴሎች ወዲያ፣ ጀልባዎች የሚቆሙበት ዳርቻ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ሴቶች ዓሣ ይጠብሳሉ። ውሃው ግራጫ ነው፣ ሰማዩም ግራጫ ነው። ዛፉ ሥር ከወደቁት ነጭ አበቦች አንዱን አንስቶ ሰጠኝ።

«ይሸታል?»

«በጣም። ፍራግራንት ማለት ይሄ ነው።»

«ጥሩ» አለና ወደ ውሃው ዞረ።

ፌስታሉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከኮሮና በፊት፣ ለአረፋ አዲስ አበባ መጥታ ሳለች፣ ሩቂያ ከአውሮፕላን የወረደችበትን ሻርፕ በእኔ ሻርፕ ቀይራኝ ነበር። «የኔ ይሻልሻል፣ አንቺ ጥቁር ታበዢያለሽ» ብላኝ። መሞቷን ስሰማ ነው ትዝ ያለኝና በፌስታል የጠቀለልኩት። ልቡን እሰብረው ይሆን እያልኩ አራት ቀን ይዤው ዞርኩ።

አየው። ወዲያው አወቀው። በሁለት እጁ ተቀብሎ ፊቱን ቀበረበትና በኃይል ሳበ። ደግሞ ሳበ። ዓሣ የምትጠብሰው ሴት ቀና ብላ አየችን።

«ምንም» አለ። ከሻርፑ ሳይወጣ ነው የነገረኝ፤ «ዘሩ፣ ልብሶቿ ነበሩኮ እኔ ዘንድ። በሙቅ ውሃ እጠብ አሉኝ፣ ወይ አቃጥል። እምቢ ብዬ አስቀመጥኳቸው። በሳምንቱ አውጥቼ አሸተትኳቸው፤ ምንም የለም። ሽታዋ ወጥቷል አልኩ። ዕድሜዬን በሙሉ በአፍንጫዬ ነው የኖርኩት፣ እንዴት ልጠርጥረው? ሁሉንም ሳፋ ውስጥ ነከርኳቸው። ከዚያ የሳሙናውን ዱቄት በተንኩ። ሁልጊዜ ያስነጥሰኝ ነበር። አላስነጠሰኝም። እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ነው የገባኝ።»

ሻርፑን ወደ እኔ ገፋው። «ንገሪኝ። ምን ምን ይላል?»

አሸተትኩ። «ደስ የሚል መዓዛ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ለደንበኛ የምለውን አትንገሪኝ!»

ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ቃል አፌ ውስጥ ሞተ። ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና አሸተትኩ፤ በዚህ ጊዜ ቃል ሳልፈልግ።

«ሰንደል አለው። ጽጌረዳ፣ ትንሽ። አንገቷ የነካው ጋ ላብ አለ። አብሽ አለ፤ ፀጉሯን የምትቀባው ይሆናል። ከሥሩ ደግሞ...» አቆምኩ።

«ከሥሩ ምን?»

«ይቅርታ፤ ላምባ ላምባ ይላል።»

ወንድሜ ሳቀ። እንባው አገጩ ላይ ያወረደው ማስክ ውስጥ እየገባ ሳቀ። «ምድጃዋ! የላምባ ምድጃዋ! ሌላ ግዛልኝ እያለች አምስት ዓመት ጨቀጨቀችኝ። አልገዛሁላትም። እኔ ሽቶ እቀባታለሁ፣ እሷ ላምባ ላምባ እያለች ትመጣለች። ወላሂ፣ እሷ ናት። እንደገና በይልኝ።»

እንደገና አልኩለት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አምስት ጊዜ ያህል አስባለኝ።

ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፤ ኪቡሊ

ኢሳቅ ሻንጣዬን ጭኗል። ሰዒድ ሻርፑን በፌስታሉ ጠቅልሎ መልሶ ሰጠኝ።

«ያንተ ነው እኮ» አልኩት።

«እኔ ጋ ከሆነ መቼ እንዳለቀ አላውቅም። አፍንጫ ያለው ይያዘው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እደውላለሁ፤ ትነግሪኛለሽ።»

ጽሑፎቹን ጨርሼለታለሁ። ብልቃጦቹ ላይ «ፍራግራንት» አላልኩም፤ ሰንደል፣ ጽጌረዳ፣ ሎሚ ብዬ የየራሳቸውን ስም ጻፍኩ። ሀጃቲ ክሮቹን አልፈታችም።

አዲስ አበባ፣ ሰኔ

ይህን የምጽፈው ኮልፌ ቤቴ ሆኜ ነው። ሰዒድ አንድም ዓርብ አልዘለለም። ይደውላል፣ ፌስታሉን እፈታለሁ፣ አሸትታለሁ፣ እነግረዋለሁ። በፈታሁት ቁጥር ትንሽ ትንሽ እንደሚወጣ ገብቶኛል፤ አትጠይቀኝ ማለት ግን አልቻልኩም። በመጀመሪያ ጽጌረዳው ሄደ። ቀጥሎ አብሹ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሳይደውል በፊት ፈታሁት። ምንም የለም። ደነገጥኩና ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት ከትፌ አሸተትኩ፤ ዓይኔን አቃጠለኝ። አፍንጫዬ ደህና ነው። ተመልሼ ሻርፑን ፊቴ ላይ ጫንኩት። ፌስታል ፌስታል ይላል።

ስልኩ ጮኸ።

«አሰላሙ ዓለይኩም ዘሩ። ዛሬስ?»

«ወዓለይኩም ሰላም። አለ» አልኩት።

«ላምባውም?»

«ላምባውም።»