የካሴቱ ዝምታ

ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ሐርጌሳ ያለው ሱቄ ገብተው አውራ ጣት የምታክል ሙዚቃ ማጫወቻ ገዙ። ከሽርጣቸው እጥፋት አንድ ካሴት አውጥተው፣ «ይቺን ብቻ ጫንልኝ» አሉኝ። «ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ጅዳ ሳለሁ የላከችልኝ ናት።»

ያኔ ማን ደብዳቤ ይጽፍ ነበር? ሁላችንም በካሴት ነበር የምንላላከው።

ስቀዳው ድምፅ የሌለበትን ቦታ ሁሉ ቆርጬ አሳጠርኩት። ማዳመጫውን ጆሯቸው ውስጥ እንደሰኩ ተቆጡ።

«ዝምታውን የት አደረስከው?»

«አዴር» አልኳቸው፣ አጎቴ ለማለት፤ «እሱማ ባዶ ነው።»

«ምን ባዶ ነው ትለኛለህ! እዚያ ላይ የምመልስላት እኔ ነኝ።»

ሳልቆርጥ እንደገና ጫንኩላቸው። በሩ ላይ ቆመው እያዳመጡ፣ «ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ» አሉ። ከዚያ ብዙ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«መምጣቴ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረኝ።»