ማርያም ከማረች በኋላ የሚመጣው ህመም

በአዋላጅነት ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሲስተር ብርነሽ መጀመሪያ ያሳዩኝ ሆድ መዳሰስ ነው። ጤና ጣቢያችን ጉለሌ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበረች። ገና የወለደች እናት አልጋ አጠገብ አቆሙኝና እጄን ይዘው እምብርቷ ላይ አሳረፉት።

"ምን አገኘሽ?" አሉኝ።

"ጠጠር ያለ ነገር።"

"ማህፀኗ ነው። እንዲህ ከጠጠረ ደሙን ይዞታል። ከላላ ሌላውን ሁሉ ትተሽ እኔን ጥሪኝ።"

ቅድም ሙሉ ልጅ ይዞ የነበረ ነገር ተሰብስቦ መዳፌ ስር ገብቷል። ሌላው ሰው የሚደነቀው በልጁ ነው፤ እኔን ግን ያስደነቀኝ ያ ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስም አልለቀቀኝም። ሴትየዋ ግን ነጠላዋን ነክሳ ነበር። "ያማታል እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩ። "ማህፀኑ ወደ ቦታው ሲመለስ ይቆርጣታል። ያልፋል" አሉና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄዱ። እኔም ለብዙ ዓመት "ያልፋል" ስል ኖርኩ።

ስለ አኩፕሬሸር የሰማሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። አንዲት አሠልጣኝ መጥታ፣ በጣት ቦታ ለይቶ በመጫን የአራስ ቁርጠት ማስታገስ ይቻላል አለችን። ከኋላ ተቀምጠን ተሳሳቅን። "በስተርጅና ወጌሻ ልንሆን ነው" አልኩ እኔ፣ ጮክ ብዬ። ልጅቷ አልተቀየመችም። ጫማዬን አስወልቃ አሳየችብኝ። ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በላይ አራት ጣት ይለካል፤ የሚለካው ደግሞ በእናትየዋ ጣት ነው፣ በአዋላጇ አይደለም። ከአጥንቱ ጀርባ ያለውን ስርጉድ ቦታ በአውራ ጣት ይዞ፣ ቁርጠቱ ሲመጣ ጫን፣ ሲሄድ ላላ ማድረግ ነው። "ነፍሰ ጡር ላይ እንዳትሞክሩት" አለች ደጋግማ። "የህመም ማስታገሻ ኪኒኑን አይተካም። ደም የሚፈሳትን ሴትም እግር ይዛችሁ እንዳትቀመጡ።" ይኼን ስትል መሳቄን ተውኩ። የማያደርገውን ነገር የሚነግር ሰው ደስ ይለኛል።

ከዚያ ገነት መጣች። ዊንጌት አካባቢ የምትኖር፣ ሦስተኛዋን የወለደች፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ጠዋት በሰላም ተገላገለች፤ ልጇም ሴት ናት፣ ደህና ናት። ረፋድ ላይ ስመለስ ግን ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ገነት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። አማቷ እማማ አስካለ ሕፃኗን አቅፈው ቆመዋል።

"ለምን አታጠቢያትም?" አልኳት።

"ወተት የለኝም።"

ጡቷን ጫን ሳደርገው እንገሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አየችው፣ አየሁት።

እማማ አስካለ ኮሪደር ላይ ጎትተው አወጡኝ። "ሲስተር፣ ነገሩ ገብቶኛል። ሦስተኛ ሴት ሆነችባትና ጠላቻት። ትንሿ ልጄ አራስ ናት፤ ሕፃኗን ለሷ እወስዳታለሁ፣ እሷ ታጥባት። ረሃብ እስኪገድላት ቁጭ ብዬ አላይም።"

"እማማ፣ እስቲ ትንሽ ይታገሱኝ።"

"ትዕግሥቴን ጨርሻለሁ። ልጄንም፣ አንዴ ከወሰድሻት አትመልሻትም ብዬ እነግራታለሁ።"

ቀልዳቸውን አልነበረም። ያች ልጅ ከዚያ በር ከወጣች ገነት ልጇን የጠላች ሴት ተብላ መቅረቷ ነው። ተመልሼ ገባሁና ሆዷን ዳሰስኩ፤ ጠጥሯል። ደሟን አየሁ፤ ልክ ነው። ሕፃኗን ከአማቷ ተቀብዬ ደረቷ ላይ ሳደርግ ገና አፏን ስትከፍት ገነት ጉልበቷን ሰበሰበች፣ ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ያኔ ገባኝ። ልጅ ጡት ሲስብ ማህፀን ይኮማተራል፤ ከመጀመሪያ ልጅ ይልቅ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ይብሳል።

"ሆድሽን ነው?" አልኳት።

"አንጀቴን ነው የምትቆርጠው፣ ሲስተር። ምጡ ይሻል ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ሰው ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ እያለኝ፣ አሁንም ያመኛል ልበል? ማርያምን ማማረር አይሆንብኝም?"

በዚያ ሙያ ስኖር ይኼን ቃል በስንት አልጋ ላይ ብዬዋለሁ። አፍ እንደሚያስይዝ አስቤ አላውቅም ነበር። አንጀቴን በላችኝ።

ኪኒኗን ሰጠኋት፤ እስኪሠራ ድረስ ብዬ በራሷ ጣት ለክቼ እግሯን ያዝኩ። ሕፃኗ ጡቱን ስትይዝ ጫን አደረግሁ። ገነት ትንፋሿን ቋጥራ ቆየች፣ ከዚያ ለቀቀችው። ቁርጠቱ በአውራ ጣቴ ስር መጥቶ የሄደ መሰለኝ፤ እግሯ ከድርቀቱ ሲላላ ታወቀኝ። "መጣ ግን አልከፋም" አለች፣ ራሷም ገርሟት። ኪኒኑ ገና ከሆዷ አልደረሰም። እኔ ደግሞ በልቤ አምላኬ ሆይ፣ ሆድ ላይ ያለውን ነገር ከቁርጭምጭሚት ጋር ምን አገናኘው እላለሁ። እስከ ዛሬ በቅጡ የነገረኝ የለም።

ይኼኔ ባልደረባዬ ከማዋለጃ ክፍል ተጣራች፤ የሌላዋ እናት ልጅ ራስ እየታየ ነው። እግሯን ብለቅ ገነት ሕፃኗን መልሳ ትገፋታለች። በሩ ላይ የቆሙትን አማቷን አየሁ።

"እማማ፣ ይምጡ። አውራ ጣትዎን እዚህ ያድርጉልኝ።"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

አማት የምራትን እግር ይዛ የምትንበረከክበት አገር አይደለም ያለነው። ገነት እግሯን ሰበሰበች። "እማማ ይተዉ፣ ነውር ነው" አለች። እማማ አስካለ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፉና ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ። ጣታቸውን በቦታው አስያዝኳቸውና ሮጥኩ።

ያችኛዋን አዋልጄ ስመለስ ሕፃኗ ጡቱን ይዛ እየዋጠች ነው፤ ሲወርድ ይሰማል። እማማ አስካለ እንደተንበረከኩ ናቸው። ጉልበታቸው አሳዘነኝና "ልቀበልዎት" አልኳቸው። በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ስድስት ወልጃለሁ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከእግሩ ላይ ሳያነሱ። "በስድስቱም ይኼ ቁርጠት ገድሎኛል። ለማን እናገራለሁ? አልተርፍም ያልኩት ተርፌ።" ቀጥለው ወደ ገነት ቀና አሉ። "እኔ ደግሞ ጠላቻት አልኩሽ። ሲመጣ ንገሪኝ፣ እጫነዋለሁ።"

"አሁን መጣ፣ እማማ" አለች ገነት።

አሮጊቷ ጫን አደረጉ። ሕፃኗ ጡቱን አልለቀቀችም። እኔ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ ቆሜ አለቀስኩ።

ከኛ በኋላ ለምትመጡ አዋላጆች የምለው ይኼው ነው። ልጇን የምትገፋ እናት ስታዩ፣ መጀመሪያ የት እንደሚያማት ጠይቋት።