የምስክር ሰባት ዋስ

ሌንሳ ዶክትሬት ልማር ብላ ስትነሳ ያልሳቀባት ሰው ቢኖር ባሏ ሞቲ ብቻ ነው። ይኼን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የወንጂ ልጅ ናት። አባቷ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ሲለፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሷ ደግሞ አዳማ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥራ ዘጠኝ ዓመት ፋይል ስታወጣና ስትመልስ ከረመች። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ብዙ ጉድ ያያል። የነፍስ ግድያ ፋይል ወፍሮ ይመጣል፤ ፖሊስ ዘንድ አምስት ሰው «በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ፈርሟል። ከዚያ ሽማግሌ ይገባል፣ የገዳይና የሟች ቤተሰብ ይታረቃል፣ የደም ካሣው ይከፈላል። በቀጠሮው ቀን እነዚያው አምስት ሰዎች ችሎት ፊት ቆመው «ጨለማ ነበር፣ አላየሁም» ይላሉ። ፋይሉ ይዘጋል። ሌንሳ ፋይሉን መደርደሪያው ላይ መልሳ ስትሰካ ትበግን ነበር። ዕርቁን ጠልታ አይደለም፤ ዕርቅማ ደም ያቆማል። ግን በዓይኑ ያየ ሰው እንዴት ብሎ ነው አላየሁም የሚለው? ማን ምን ብሎት ነው? ይኼው ጥያቄ ነው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ የወንጀል ጥናት ትምህርት ክፍል በር ላይ ወስዶ ያቆማት።

እናቷ ፖሊስ ልትሆን መስሏቸው ደነገጡ። የሥራ ባልደረቦቿ «ዶክተር ሆነሽ ልትወጊን ነው?» እያሉ ቀለዱባት። ሞቲ ግን ጠበቃ ነው፣ ነገሩ ገባው። የመመዝገቢያ ቅጹን የሞላላት እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸው ሀዊ ፊት ሳይቀር «ዶክተር» እያለ ይጠራት ጀመር፤ አቦምሳና ሻሸመኔ ለጥናት ስትሄድ ልጅቷን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ የሚያበላ፣ የሚያስጠና እሱ ሆነ። እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል? ሴቶቹ ሁሉ ቀኑባት።

በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ምስክሮችን አነጋገረች። አሥራ ስምንቱ ችሎት ቀርበው «አላየሁም» ያሉ ናቸው። አንዱ ብቻ ገና አልመሰከረም ነበር፤ በጥናቷ ላይ «ምስክር ሰባት» ብላ የጻፈችው እሱ ነው። እውነተኛ ስሙ ሮባ ይባላል፣ የቆቃ ዓሣ አጥማጅ ነው። ቆቃ ላይ ሆራ የሚባል ወጣት በመቅዘፊያ ጭንቅላቱን ተመቶ ሞቷል፤ ተከሳሹ የዓሣ አከፋፋዩ ነጋዴ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ታርቀዋል፣ ክሱ ግን ገና በቀጠሮ ላይ ነው።

ሮባ ጋ ያደረሷት ኦቦ ጃራ ናቸው። ኦቦ ጃራ የሞቲ አጎት ናቸው፤ አባቱ ሲሞት ቆቃ ላይ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሐይቁ ዙሪያ እሳቸው ያልገቡበት ዕርቅ የለም ቢባል ማጋነን አይደለም። ረፋዱ ላይ ነበር የደረሱት፣ አራት ሰዓት ገደማ፤ ውሃው ላይ የወደቀው ፀሐይ ዓይን አያስገልጥም። ሌንሳ ከዩኒቨርሲቲው የተሰጣትን የፈቃደኝነት ቅጽ አውጥታ፣ ስሙ እንደማይጻፍ፣ ቃሉን ከእሷ ሌላ ማንም እንደማያየው አስረዳችው። ሮባ ወረቀቱን አየና እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። አልፈርምም፣ ድምፄም አይቀረጽም አለ። እዚያ አገር ወረቀት ላይ መፈረም ፖሊስ ጣቢያ የሚደረግ ነገር ነው፤ ፈርሞ ደግ የገጠመው ሰው የለም።

ይኼኔ ኦቦ ጃራ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ተናገሩ።

«ለእሷ ዋሷ እኔ ነኝ። ቃልህ ከወጣ እኔን ጠይቀኝ።»

አለቀ። ሮባ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አላነሳም። ዩኒቨርሲቲው ግን ደንብ አለው፤ ተናጋሪው የማይፈርም ከሆነ አጠገቡ የነበረ ሰው ይፈርምለታል። ሌንሳ ይኼን በደንብ ታውቃለች። እስክሪብቶውን ወደ ኦቦ ጃራ ልትዘረጋ ብላ አፈረች። ዋስ ሆኖ የቆመን ሽማግሌ «ይፈርሙልኝ» ማለት «ቃልዎን አላመንኩትም» ማለት ነው፤ ያውም ለባሏ አባት ማለት ለሆኑ ሰው! ስለዚህ በፊርማው ቦታ ላይ በራሷ እጅ «ቃል በዋስ ተሰጥቷል» ብላ ጻፈች፤ ከላይ ቀኑንና ሰዓቱን ሞላች፤ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔ ብሆንም ያንኑ ነበር የማደርገው።

ኦቦ ጃራ ራቅ ብለው ጥላ ሥር ተቀመጡላቸውና ሮባ ተናገረ። የነጋዴው ልጅ ሆራን ሲመታው አይቷል። ሽማግሌ ተልኮበት «ጨለማ ነበር በል» መባሉም እውነት ነው። እሱ ግን አይልም፤ ሆራን መረብ መወርወር ያስተማረው እሱ ነውና ያየውን ይናገራል። አንዲት ነገር ብቻ ትከነክነዋለች። ለፖሊስ የታመመ ዘመድ ጠይቄ ስመለስ ነው ያየሁት ብሏል። እውነቱ ግን ያን ምሽት ዓሣ ማጥመድ በተከለከለበት ወር፣ በተከለከለው ቀዳዳው ጠባብ መረብ እያጠመደ ውሃው ላይ ነበር። ይኼን ለሚስቱም አልነገረም። ለሌንሳ ነገራት።

ወዲያው ቤቷ ገብታ ቃሉን ከኦሮምኛ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ስትጀምር የሕግ ቃላቱ እምቢ አሏት። ከእሷ ሌላ ማንም አያየውም ያለችውን ወረቀት ለሞቲ ሰጠችው። አዎ፣ ሰጠችው፤ ይኼን እሷም አልደበቀችም። ባሏ ነው፣ ስም የለበትም፣ ምን ይመጣል ብላ። ስም አልነበረበትም። ግን ሮባ ስለ ጀልባው ሲያወራ ጎኗን በዘይት ቆርቆሮ እንደጠገናት ተናግሮ ነበርና እሷም እንዳለ ጽፋዋለች። ለአዳማ ሰው ያ ምንም አይደለም። ቆቃ ውስጥ ግን በዘይት ቆርቆሮ የተጠገነች ጀልባ አንድ ብቻ ናት፤ ሞቲ ደግሞ የቆቃ ልጅ ነው። ቃላቱን በቀይ አርሞ «ጎበዝ ዶክተር» ብሎ መለሰላት። እሷም እርማቱን ገልብጣ፣ ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ብላ ወረቀቱን አቃጠለችው።

ከወራት በኋላ የሮባ የመመስከሪያ ቀን ደረሰ። ሌንሳ ቀኑን ስትቆጥር ነበር፤ ከአሥራ ዘጠኙ ውስጥ «አይቻለሁ» የሚል የመጀመሪያው ምስክር ነው፣ ጥናቷ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ሞቲ ግን ጠዋት ጫማውን እያሰረ ቀጠሮው ለግንቦት ተዛውሯል አላት። እሷም አመነችው። መንገዷ ስለሆነ ግን የድሮ ጓደኛዋን አማረችን ሰላም ልትል መዝገብ ቤት ጎራ አለች። አማረች ምንም ሳታስብ «ባልሽ እኮ ችሎት ውስጥ ነው፤ የቆቃውን ጉዳይ እሱ አይደል የያዘው?» አለቻት።

ሌንሳ እንዴት ደረጃውን እንደወጣች አታውቅም። ገብታ ከኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሮባ ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቷት፣ ጥቁር ካባውን ለብሶ፣ ረጋ ባለ ኦሮምኛ የሚጠይቀው ሞቲ ነው። ያን ምሽት የጠየቅኸው የታመመ ዘመድህ ማን ይባላል አለው። ሮባ ተንተባተበ። ያን ምሽት ጀልባህ የት ነበረች አለው። ቀጥሎ፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነው መረብ ውስጧ አልነበረም ወይ አለው። ሮባ ይኼን ቃል የት እንዳወራው የሚያውቁት እሱና አንዲት ሴት ብቻ ናቸው። ዞር ሲል ሌንሳን ከኋላ ተቀምጣ አያት። እስኪበቃው አየና ወደ ዳኞቹ ተመለሰ።

«ጨለማ ነበር» አለ። «አላየሁም።»

ተከሳሹ በነፃ ተለቀቀ።

ቤት ሲገናኙ ሞቲ አልካደም። የተከሳሹ ጠበቃ ጉዳዩን ሲተወው ነጋዴው እሱ ጋ እንደመጣ፣ ደንበኛውን መከላከል ሥራው እንደሆነ፣ ስም ያለበት ወረቀት እንዳላነበበ እያስረዳ ብዙ ተናገረ። ጠበቃ አይደል! ሌንሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ቀጠሮው ተዛውሯል ያልከኝስ? «እንዳትጎጂ ብዬ ነው» አላት። ከመረቡ ይልቅ ይቺ ነች የቆረጠቻት። አሥራ ሁለት ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው እንደ እንግዳ ሰው አየችው።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ የተናጋሪው ምሥጢር ከወጣ አጥኚው ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ማሳወቅ አለበት። አማካሪዋ ዶክተር ጃዕፈር መመረቂያ ጽሑፏን ለማቅረብ ሁለት ወር እንደቀራት አስታውሶ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አላት። አላስቻላትም። ጥፋቷንም የባሏንም ጽፋ አስገባች፤ ግልባጩን ለጠበቆች ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ላከች።

ደብዳቤው በገባ በአምስተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ቤቷ መጡ። ከፊት የቀደሙት ኦቦ ጃራ ናቸው። አምቦ ውሃ ቀረበላቸው፣ ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ዝናቡ ተጫወቱ። ከዚያ ኦቦ ጃራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳቢ። ወረቀቱ ጠፍቶብኝ ነው፣ ማን እንዳነበበው አላውቅም በይ። ሞቲ ፈቃዱን ከተነጠቀ ሀዊን በምን ያሳድጋል?»

ሌንሳ ሮባስ ብላ ጠየቀች። ሮባ ታርቋል አሏት፤ ሞቲ ይቅርታ ጠይቆታል፣ አዲስ መረብም ገዝቶለታል። ያኔ ነው ሁለት ዓመት ስትጠይቅ የኖረችው ነገር የገባት። ለካ ማንም ማንንም አያስፈራራም። የሚያከብሩት ሰው ሳሎን ገብቶ ይቀመጣል፣ የልጅን ስም ይጠራል፣ በለሰለሰ ድምፅ ይለምናል፤ እምቢ ያለ ሰው ክፉ ሆኖ ይቀራል። ምላሷ ላይ እሺ መጥቶ ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ። ዋጠችው።

«ኦቦ ጃራ፣ እርስዎ እኮ ለሮባ ዋስ ነበሩ» አለች። «ቃሉ ከወጣ እኔን ጠይቀኝ ብለውታል።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንስተው ወጡ፤ አምቦ ውሃው እንደተቀዳ ቀረ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሞቲ ተጠርቶ እንዲህ ያለ ወረቀት አይቼ አላውቅም አለ። ሮባ ይቺን ሴት አላውቃትም ብሎ ላከ። ሰብሳቢዋ የምስክር ሰባትን የፈቃደኝነት ቅጽ ጠየቀች። ሌንሳ ሰጠቻት። ሰብሳቢዋ አገላብጣ ፊርማው የት አለ አለች። ከዚያም ረጋ ብላ አስረዳቻት፤ ፊርማ ከሌለ፣ ሰውየውም ከካደ፣ ቃሉ በአጥኚዋ የተፈጠረ ተደርጎ ይወሰዳል፣ የፈጠራ መረጃ ያቀረበ ተማሪ ደግሞ ይሰናበታል። ሌንሳ ዋስ አለኝ አለች። ምንም ቢሆን ኦቦ ጃራ የቆሙለትን ቃል ይበላሉ ብላ አላሰበችም። ለእኔ ባይሆን ለራሳቸው ስም ይቆማሉ አለች በልቧ።

ኦቦ ጃራ ከቆቃ ድረስ መጡ። ንጹሕ ጋቢ ለብሰዋል። የኮሚቴው አባላት ተነሥተው ወንበር ሰጧቸው። ሰብሳቢዋ አባቴ ብላ፣ ሌንሳ ሐይቁ ዳር ሮባን ስታነጋግር ነበሩ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ሌንሳን አላዩአትም፤ ከዘራቸውን ነው የሚያዩት።

«ሌንሳ የልጄ ሚስት ናት። ቆቃ ትመጣለች፣ ቤቴም በልታለች» አሉ። «ከሮባ ጋር ስታወራ ግን አላየሁም።»

ሰብሳቢዋ፣ አብረዋት ወደ ሐይቁ ወርደው ነበር ትላለች አለቻቸው።

«ወርጃለሁ» አሉ ኦቦ ጃራ። «ጨለማ ነበር።»

ሰብሳቢዋ ቅጹን ለሌንሳ መለሰችላት። ሌንሳ ተቀብላ አየችው። ከላይ፣ ከቀኑ ጎን፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ ሰዓቱ ተሞልቷል፤ ረፋድ አራት ሰዓት።