ፊቱን ወደ በር የሚያዞረው ሮቦት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... ደብረ ታቦር ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ከጉና ተራራ ወደ ከተማው እየወረደ ነበር። እኔ ደግሞ አይቻቸው የማላውቅ እናት ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብዬ የሟች ልጃቸውን ሮቦት እገመግማለሁ።

ገጼን የምትከታተሉ ታውቃላችሁ፤ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴሎች እሠራለሁ፤ ምናቸው ጥሩ ምናቸው መጥፎ እንደሆነ እጽፋለሁ። አብራኝ የምታስተምረው ትዕግስት ጽሑፎቼን አይታ ነው የለመነችኝ።

«ወንድሜ ከማረፉ በፊት የገጣጠመው ሮቦት አለ። ሲያጣጥፉት አውሮፕላን ይሆናል ይላል ካርቶኑ። ጨርሶታል ወይስ አልጨረሰውም? እማዬ እሱን ማወቅ ትፈልጋለች» አለችኝ።

ወንድሟ ጌትነት ይባላል። ባህር ዳር ሲማር ኩላሊቱን ታሞ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ቤት ገባ። ሮቦቱን የገጣጠመው አልጋ ላይ ሆኖ ነው። እናቱን እትዬ ጥሩወርቅን «ስጨርሰው ሲለወጥ አሳይሻለሁ» ይላቸው ነበር። ሳያሳያቸው ሞተ።

ሮቦቱ ቡፌው ላይ በዳንቴል ተሸፍኗል። እትዬ ጥሩወርቅ ዳንቴሉን በሁለት እጃቸው ገለጡት... የተኛ ሰው እንዳይነቃባቸው የፈሩ ይመስል፣ በቀስታ።

ቁመቱ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። ነጭና ሰማያዊ። ሥራው ንጹህ! ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት ፍሬም የተቆረጡበት ቦታ በጥፍር ሞረድ ለስልሷል፤ መስመሮቹ በቀጭን እስክሪብቶ ተስበዋል። የታመመ ሰው እጅ የሠራው አይመስልም። ዳሌው አካባቢ ግን ፕላስቲኩ ነጣ ነጣ ብሏል። እንዲህ የነጣ ፕላስቲክ ትንሽ ካስጨነቁት ይሰበራል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ እትዬ ጥሩወርቅ። «ፊቱን ያዞራል እንዴ?»

«ማን?»

«እሱ ነዋ። ዳንቴሉን ሳለብሰው ወደ መስኮቱ ያያል። ስገልጠው ወደ በሩ ዞሮ አገኘዋለሁ። ሁልጊዜ እንኳ አይደለም... አንዳንዴ።»

ሳቅ አልኩ። «አንገቱ ላልቶ ነው እትዬ። ከባድ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ ቡፌው ይንቀጠቀጣል፣ እሱም ይዞራል» አልኳቸው። ላሳያቸው ብዬ ጭንቅላቱን በጣቴ ገፋ አደረግሁት።

ንቅንቅ አላለም።

በሁለት ጣት ይዤ ሞከርኩ። ወይ ፍንክች! ከመላ አካሉ እንደ አንገቱ የጠበቀ መጋጠሚያ አልነበረም።

ወደ ትዕግስት ዞር አልኩ። ፊቷ አመድ መስሏል። «እኔ ነክቼው አላውቅም... ማርያምን!» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

አቀርቅሬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እያንዳንዱን ክፍል ከመመሪያው ሥዕል ጋር አስተያየሁ።

«ጨርሶታል» አልኳቸው። «የጎደለው ነገር የለም።»

እትዬ ጥሩወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። «እንግዲያው ለውጥልኝ» አሉ።

«ሊሰበር ይችላል እኮ። ዳሌው...»

«ይሰበራ። እሱ ራሱ መች ተረፈልኝ?»

«እማዬ ተይ በናትሽ!» አለች ትዕግስት። «ከእጁ ሥራ ሌላ ምን ቀረን? እንዲሁ ይቀመጥ።»

«አንቺ ዝም በይ። አሳይሻለሁ ያለው እኔን ነው።»

ሮቦቱን አንስቼ ጀመርኩ። እግሮቹን ወደ ኋላ ሳጥፍ ቀጭ! አለ... ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። አልተሰበረም። እጆቹን ከሆዱ ሥር ከተትኩ። ጭንቅላቱ የሚሰምጠው ደረቱ ውስጥ ስለሆነ፣ የደረቱን ክዳን በጥፍሬ ፈልቅቄ ከፈትኩት።

ውስጡ ቀይ ነበር። የጥፍር ቀለም።

«ውይ! ይሄ እኮ የኔ ነው! ወሰድክብኝ ብዬ ስጨቀጭቀው...» አለች ትዕግስት፣ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ።

ቀለሙ ላይ ጣት አለ። ሳይደርቅ የተጫነበት የአውራ ጣት አሻራ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሌላ ሞዴል ላይ ባየው ጉድለት ነው ብዬ እጽፍ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ መነጽራቸውን አስመጥተው አዩት። አሁንም አሁንም አዩት። ጣታቸውን ሊያሳርፉበት ሲሉ መለሱት፣ የእኔን እጅ ያዙ።

«አንተ አስቀምጥበት።»

«እኔ?»

«የኔ እጅ ሸካራ ነው፣ ይፍቀዋል። አንተ እሱን ታክላለህ... አስቀምጥበት።»

አውራ ጣቴን አስቀመጥኩ። በእኔ ጣት ተለክቶ የተሠራ ይመስል ልክክ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፕላስቲኩ ይሞቅ ነበር። የእኔው ሙቀት ይሆናል... ይሆናላ።

እትዬ ጥሩወርቅ ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ። አስተያየታቸው እንግዳ የሚያዩበት አልነበረም።

«መጣህ?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ትዕግስት አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች።

«መጣሁ» አልኳቸው። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

አውሮፕላኑን እንዳልጨርሰው ለመኑኝ። ደረቱን እንደከፈተ፣ ሮቦትም አውሮፕላንም ሳይሆን ተቀበሉኝና ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙት። ትዕግስት እስከ ውጭ ሸኘችኝ። አመሰግናለሁም፣ ምን አደረግህም አላለችኝም።

ይኸው ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ስታጠብ ያቺን ጣት መፈተግ አልደፍርም።