የሀብተ ማርያም ፊት ያለበት ካሴት

ጽሕፈቴ ደካማ ነው፤ የማታ ትምህርት እስከ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ነው የተማርኩት። ስለ ጋሼ መርስዔ ኃዘን ግን የሚጽፍ ሰው ስላላየሁ እንደሚሆን አድርጌ ልሞክረው። ጌታነሽ እባላለሁ፤ ጋሼ ጌጤ ነው የሚሉኝ። እሳቸው ቪዲዮ ቤት ስምንት ዓመት ሻይ ሸጫለሁ፣ አግዳሚውንም የምጠርገው እኔ ነበርኩ።

ቪዲዮ ቤቱ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ሰው የሚመጣው ለካራቴና ለህንድ ፊልም ነው። ጋሼ መርስዔ ለራሳቸው የሚፈልጉት ግን አንድ ፊልም ብቻ ነበር። «የጀማ ማዶ» ይባላል፤ በንጉሡ ጊዜ የተነሣ፣ ቀለም የሌለው። አዲስ አበባም ረስቶታል። የካሴት ነጋዴዎቹ «ይኼን ደግሞ ማን ያያል?» እያሉ ከካርቶን ሥር ቆፍረው ነው የሚያወጡላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1965 ፊልም አንሺዎቹ ጀማ ወንዝ ሲወርዱ ዕቃ ተሸካሚ ቀጥረው ነበር። ከተሸካሚዎቹ አንዱ የጋሼ መርስዔ ታላቅ ወንድም ሀብተ ማርያም ነው። «እኔንም አንሥተውኛል፤ ወንዙን ስሻገር ዞር ብዬ አየኋቸው» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራ ነበር አሉ። በደርግ ጊዜ ለጦርነት ተወሰደ። በዚያው ቀረ፣ መርዶም አልመጣ። በ83 ወታደሩ በእግሩ ሲመለስ እናቱ እማማ ወለተኪዳን መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚያልፈውን ፊት ሁሉ አዩ። የእሱን አላዩም።

እኛ አገር አስከሬን ካልተገኘ በሟች ልብስ ወይ በፎቶው ነው የሚለቀሰው። የሀብተ ማርያም ልብስ አልቋል፤ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም። እማማ «ምን ይዤ ላልቅስ? ባዶ እጄን?» ብለው ለቅሶውን ከለከሉ። አንድ ቀን እኔው እያለሁ ጋሼን እንዲህ አሏቸው፦

«ልጄ፣ ፊቱ ጠፋኝ። አፍንጫውን ሳስብ ዓይኑ ይሄዳል። ዓይኑን ስይዝ አፉ ይሄድብኛል።»

ጋሼ መርስዔ ካሴት ፍለጋ የጀመሩት በማግሥቱ ነው።

የመጀመሪያውን ከመርካቶ አመጡት። «ኦሪጅናል ነው» ብለዋቸው ነበር። ሲከፍቱት ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጭረት ይዘንብበታል። ወንዙ ጋ ሲደርስ አንድ ሸክም የያዘ ሰው ዞር ይላል፤ ፊቱ ሊጥ የተለጠፈበት ይመስላል።

«እሱ ነው! ትከሻውን እዪ ጌጤ፤ ሀብቴ ነው!» አሉኝ ጋሼ።

እማማ መጥተው አዩ። «የማን ጥላ ነው ይኼ?» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ጥራት የሚል በሽታ ያዛቸው። ካሴት ሲገዙ የካሴቱን መስኮት ወደ ፀሐይ አድርገው ሻጋታ ይፈልጋሉ። ፊልሙ ሲጀምር የሚወጣውን ጽሑፍ ያዩና ፊደሉ ጥላ ካለው «ይኼ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ነው» ይላሉ። የዴኩን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮል እስኪያብለጨልጭ ይጠርጋሉ። በአራት ዓመት አምስት ካሴት ሰበሰቡ፤ አምስቱም ያው ሊጥ ናቸው። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይገባ ሁሌ ያዩት ነበር። በዚያ ሊጥ ውስጥ ወንድማቸው ይታያቸው ነበር።

በ94 አንድ መንገደኛ ራቤል የምትባል ከተማ ውስጥ አቶ በዕውቀቱ የሚባሉ ጡረተኛ እንዳሉ ነገራቸው። ሰውየው ድሮ በየአውራጃው እየዞሩ ፊልም የሚያሳዩ ሠራተኛ ነበሩ፤ «የጀማ ማዶ»ን ከዋናው የፊልም ጥቅል በቀጥታ ወደ ካሴት አስገልብጠዋል። ጋሼ በአውቶቡስ ተንገላተው ሄዱ። የሆነውን ሲመለሱ አጫወቱኝ።

«ከመርሐቤቴ ድረስ ለካሴት?» አሏቸው አሉ አቶ በዕውቀቱ። «ለሴት ቢሆን ይገባኝ ነበር!»

«ለወንድሜ ነው» አሉ ጋሼ።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አልቀለዱም። ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧቸው።

ጋሼ እንደተመለሱ ሳይሞክሩት እማማን አስጠሩ። እኔ አጥብቄ የማስበው ይህንን ነው። አንዴ ብቻቸውን ቢያዩት ኖሮ እላለሁ። ግን «እናቴን አልቀድምም» አሉ። የካራቴ ደንበኞቹን አስወጣን። «ጋሼ፣ ሊሞት ሲል ኮ ነው ያቋረጡት!» ብለው አጉረመረሙ።

ፊልሙ ተከፈተ። ውኃው ሳይቀር ያበራል፤ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ያ ሰው መጣ፣ ዞር አለ። ጋሼ አቆሙት። ፊቱ ሞላላ፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ ትንሽ ያፈረ መሰለኝ። እማማ ከአግዳሚው ተነሥተው ተጠጉ፤ እጃቸውን የቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ አደረጉ።

«ሀብቴ» አሉ። «ሀብቴ፣ የኔ ፍንጭት!»

ከዚያ ደረታቸውን መቱ። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ገባ፤ ለቅሶው እዚያው ተጀመረ። በማግሥቱ ድንኳን ተጣለ። ቴሌቪዥኑ ወጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፤ አልቃሾቹ ፊት ለፊቱ ቆመው ሙሾ አወረዱ። ሩቅ ካለችው ከቀየት ከተማ ሳይቀር ዘመድ መጣ። ጋሼ መርስዔ ግን አንገታቸውን ደፍተው ወደ ሥዕሉ አንዴም ቀና አላሉ። ኀዘን መስሎኝ ነበር።

ሠልስቱ ሲያልፍ ሻይ ስሰጣቸው «ጌጤ፣ ያ ሰው ወንድሜ አይደለም» አሉኝ።

ትሪውን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሀብቴ የግራ ጆሮውን ጫፍ በልጅነቱ ውሻ ወስዶታል። የዚህኛው ሙሉ ነው። ጥርሱም ፍንጭት አልነበረም።»

«እማማስ?»

«እማዬ አሁን እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ምን ብዬ ልንገራቸው?»

አልነገሩም። እማማ በየሳምንቱ መጥተው «ልጄን አሳየኝ» ይላሉ፤ ጋሼ ያሳያሉ። እማማ መስተዋቱን እየዳበሱ ያጫውቱታል። ጎተራው ስለመታደሱ፣ ማን እንደተዳረ፣ በጎች ስለመውለዳቸው። ከልጃቸው ጋር እንደሚያወራ እናት ነው፤ ይስቃሉ እንኳ። ያ የማናውቀው ሰው እንዳፈረ ያያቸዋል። በሕይወት ይኑር፣ ይሙት፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ለቅሶውን ግን በልቷል።

ጋሼ መክሳት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ጠሩኝና «ወንድሜን ሳስበው ያ ሰውዬ ነው የሚመጣብኝ» አሉኝ። «ልጆች ሆነን በግ ስናግድ ሳይቀር፣ ሀብቴ ዞር ሲል የሰውዬው ፊት ነው። የሀብቴ የታለ?»

«የድሮዎቹን ካሴቶች ለምን አያዩም ጋሼ?» አልኩ።

ለካ የሉም። ጥሩው ቅጂ የመጣ ዕለት ጠዋት፣ እማማ እስኪደርሱ፣ ከደስታቸው ብዛት የአምስቱንም ካሴት ሌላ ፊልም እንዳይገለበጥበት የሚከለክለውን ቀዳዳ በፕላስተር ደፍነው ካራቴ እንዲገለበጥባቸው ለሰፈር ልጆች ሰጥተዋቸው ኖሯል።

እንደገና ፍለጋ ወጡ። መርካቶ ያለው ነጋዴ «ስንት ዓመት ጥራት ጥራት ብለው አሳበዱን፤ ዛሬ ደግሞ የተበላሸ አምጣ?» ብሎ ሳቀባቸው። መጨረሻ ላይ ቀየት ገበያ አንድ አገኙ። ከሁሉም የባሰ ነው፤ ድምፁም ይንተባተባል።

በራፉን ዘግተን አየነው። ሊጡ ሰው ዞር አለ። ጋሼ አቆሙት፤ ሥዕሉ ላይ ነጭ መስመር ይንቀጠቀጣል።

«ጌጤ፣ ጆሮው ይታይሻል?»

ተጠግቼ ፈለግሁ። ጆሮ የለም፤ ፊትም የለም።

«ምንም አይታየኝም ጋሼ።»

«ለእኔ ይታየኛል» አሉ። «ሙሉ ነው። ፍንጭቱም ይታየኛል።»

ካሴቱን አወጡት። ውጭ የካራቴ ደንበኞቹ ይጮኻሉ፣ የፊልማቸው ሰዓት አልፏል። ጋሼ መርስዔ ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሽተው «በሩን ክፈችላቸው» አሉኝ፤ እኔም ከፈትኩ።